ከዜሮ በታች አርባ አንድ

ሰኞ 4

እኔ፣ የዚህ ደብተር ብቸኛ ባለቤት፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ የሚከተለውን በጥልቅ ሐዘን አምናለሁ፦ የአጎቴን ብስኩት ከመሳቢያቸው እያወጣሁ የጨረስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አይጥ ነው ብለው ወጥመድ ገዙ። ወጥመዱ ላይ ለአይጧ ያስቀመጡላትንም በልቻለሁ።

አጎቴን እዚህ ውስጥ ክቡርነታቸው እላቸዋለሁ። የአባዬ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ግን ከረባት የሚያስሩት እሳቸው ናቸው። ከቤታችን ሥር ያለው ወርክሾፕ የሁለቱ ነው። አባዬ ይሠራል፣ ክቡርነታቸው ይሸጣሉ፣ ከዚያ ሁለቱም "እኔ ባልኖር ኖሮ" እያሉ ይኮራረፋሉ። የወርክሾፑ ጣሪያ የእኔ ክፍል ወለል ስለሆነ፣ ምንጣፉን ገለጥ አድርጎ ጆሮውን ለሚለጥፍ ሰው ከሬዲዮ ይሻላል።

የዛሬው ስርጭት፣ ክቡርነታቸው በስልክ፦ "ጋሼማ ሰው መናቅ ጀምሯል! እያናገርከው ፊትህን አያይም እኮ፤ ጆሮህን ነው የሚያየው።"

አባዬ ማንንም አልናቀም። ዓይኑ መሃል ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ተቀምጧል፤ የሚታየው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። ፊትህን ለማየት ጆሮህን ማየት አለበት። ይህን የምናውቀው ሐኪሙ፣ እማዬ፣ እሱና እኔ ነን። ክቡርነታቸው የሰሙ ቀን በአባዬ ወንበር ላይ ሌላ መሐንዲስ ያስቀምጣሉ። አባዬ ከዚያ ወንበር ከተነሳ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ረቡዕ 6

ከትምህርት ቤት መልስ አዲስ ሹመት ደርሶኛል። የአባዬ እጅና ዓይን። ደሞዝ የለውም።

እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። እኔ ስክሪኑ ፊት። ያዛል፤ እጎትታለሁ፣ አያይዛለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ያየሁትን እነግረዋለሁ። ክቡርነታቸው ብቅ ሲሉ አባዬ ቶሎ ብሎ "ልጅቷን ሙያ እያስያዝኳት ነው" ይላል።

"ጠበቃዋ መሐንዲስ ልትሆን ነው? እንግዲህ አለቅን!" ይላሉ ክቡርነታቸው። ብዙ ስለምከራከር ነው ጠበቃዋ የሚሉኝ።

ሥራው ይኼ ነው። ዋሻ የሚቆፍሩ ሰዎች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ባጅ። ባጁ በሬዲዮ "አለሁ፣ አለሁ" ይላል፤ የዋሻው በር ላይ ያለ ስክሪን ውስጥ ማን እንዳለ ያሳያል። ባጁ ውስጥ ቺፕ አለ፣ አንቴና አለ፤ ሁለቱ አይግባቡም። አባዬ ኢምፔዳንሳቸው አልተዛመደም ይለዋል። ቺፑ የሚሰጠውን አንቴናው ሳይቀበል መልሶ ይወረውርበታል። ስለዚህ መሃላቸው ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ሁለት ኮይልና አንድ ካፓሲተር ገብተው ያስማሟቸዋል። ማዛመጃ የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ የእኛ ሥራ መጠናቸውን መምረጥ ነው።

በቤታችን አንቴናው አባዬ፣ ቺፑ ክቡርነታቸው፣ መሃል የተበየድኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ 9

ዛሬ የባጁን ቦርድ ሙሉ በሙሉ ሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገባነው። ሶፍትዌሩ መዳቡን በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ሸንሽኖ በእያንዳንዷ ውስጥ ኤሌክትሪኩና ማግኔቱ ምን እንደሚሠሩ ያሰላል። ኮምፒዩተሩ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ክፍሉ ይሞቃል። ባጁን የሚያደርገው ሰውም ይገባል። ሶፍትዌሩ ሰውን የሚያውቀው ጨዋማ ውሃ የተሞላ ሳጥን አድርጎ ነው፤ ጭንቅላት የለው፣ እጅ የለው።

"አጎቴ ቁርጥ!" ስል አባዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ከዚያ ሻዩን ሊያነሳ እጁን ሰደደና ከብርጭቆው ጎን አየሩን ጨበጠ። ብርጭቆውን ወደ እጁ ገፋ አደረግኩለት። እሱ ብቻ "በርዷል" አለ። አልበረደም ነበር።

ማክሰኞ 12

የዋሻው መሐንዲስ መጣ። ረጅም፣ ቦት ጫማው ጭቃ፣ ወንበር ሲሰጡት የማይቀመጥ ዓይነት።

"መቼ ነው የምትሰጡኝ? እኔ እኮ ሰዎቼን ዛሬም በቆርቆሮ ቁጥር ነው የምቆጥረው።" ሲገቡ ቁጥራቸውን ከሚስማር ያነሳሉ፣ ሲወጡ ይሰቅላሉ። ረስቶ ኪሱ ይዞት ቤቱ የሚሄድ አለ።

ክቡርነታቸው "በዚህ ወር" አሉ። አባዬ "በሚቀጥለው" አለ። እኩል ነው የተናገሩት። መሐንዲሱ አባዬን አየ፤ አባዬ የመሐንዲሱን ጆሮ አየ።

"ምነው፣ ጆሮዬ ላይ ምን አለ?" አለ ሰውዬው።

"ጭቃ!" አልኩ እኔ ፈጥኜ። እውነትም ነበረበት። ተሳሳቅን፤ አለፈ። አባዬ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘና ጠበቅ አደረገው።

ዓርብ 15

ቸኩያለሁ። አውቶቡስ ውስጥ። የክፍል ልጆች ሲኒማ በር ላይ እየጠበቁኝ ነው።

ጨረስን። ተመልሶ የሚመጣውን የሚያሳየው መስመር ወረደ፣ በሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ ላይ ቁልቁል! አባዬ፣ "ሸለቆው የት ነው?" "ልክ ቦታው ላይ።" "ጥልቀቱ?" "ከዜሮ በታች አርባ አንድ።" ከአሥር ሺህ አንዱ እንኳ ተመልሶ አይመጣም ማለት ነው።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን "አርባ አንድ በጣም ያምራል" አለ። "እንዲህ የሚያምር ነገር ስክሪን ላይ እንጂ እጅ ላይ አይገኝም። በፋብሪካው ፋይል ተክተሻቸዋል ኮይሎቹን?"

"አዎ" አልኩ።

ወራጅ አለ! ደረስኩ።

እሑድ 17

ለራሴ ላስረዳ። ሶፍትዌሩ ከመጀመሪያው የሚሰጥህ ኮይል የሐሳብ ኮይል ነው። እንከን የለውም፣ አይሞቅም፣ አያባክንም። ባልና ሚስት ከመጋባታቸው በፊት እንደሚተዋወቁት ዓይነት ነው። እውነተኛው ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ አምራቹ ፋብሪካ እያንዳንዱን ለክቶ ጠባዩን በፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉን ከፋብሪካው ገጽ አውርደህ በሐሳቡ ኮይል ቦታ ትተካዋለህ፤ ከዚያ እንደገና ታሰላለህ።

ዓርብ ዕለት ገጹ አልከፍት አለኝ። ሞከርኩ። ሁለቴ ሞከርኩ። ሰዓት ሄደ፤ ልጆቹ ይደውላሉ። ሰኞ አስገባዋለሁ፣ ትንሽ ቢለወጥ ነው ብዬ።

ፊልሙም የማይረባ ነበር።

ማክሰኞ 19

ትናንት ላስገባ ስወርድ ክቡርነታቸው እጃቸውን እያፋተጉ፣ "ንድፉን ለቦርድ ሠሪዎቹ ላክሁት! አርባ አንድ! ጋሼ፣ አርባ አንድ ብለህ ገና ትጨነቃለህ?"

አባዬ፣ "መለኪያ መሣሪያው ከጥገና ይመለስና በጥቂት ቦርድ እንሞክር" አለ።

"አንተ እኮ ድሮም ጨምሩልኝ፣ ጨምሩልኝ ነህ። ሰውዬው ሌላ ዘንድ ይሄድብናል!"

አባዬ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "የፋብሪካውን ፋይል አስገብተሻል አይደል?"

ክቡርነታቸው ቆመው ያያሉ። አልገባም ብል፣ ታዲያ አባትሽ የት ነበር፣ ስክሪኑን አያይም ወይ ሊሉ ነው። ምን እላለሁ?

"አዎ አልኩህ እኮ፣ አባዬ!" አልኩ፤ ያውም ተቆጥቼ።

"እንግዲያው ይሁን" አለ።

ለእሱ ብዬ ነው። አብዛኛው ለእሱ ብዬ ነው።

ሰኞ 25

ቦርዶቹ መጡ። አረንጓዴ፣ ደስ የሚሉ። ክቡርነታቸው አንዱን ደረታቸው ላይ ሰክተው ወርክሾፑን ዞሩ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን "አለ" አለ። መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ "አለ"። ቧንቧ ከፍተው ዘፈኑ፤ "አለ"። እውነትም አሉ።

ተንፈስ አልኩ። እንዳልኩት ትንሽ ነበር ልዩነቱ።

አባዬ ግን፣ "መታጠቢያ ቤት ዋሻ አይደለም" አለ።

ሐሙስ 28

ሄዱ ባጆቹ። አባዬ ለመሐንዲሱ ደጋግሞ፣ "ሙከራ ነው፤ የቆርቆሮውን ቁጥር እንዳትተዉ" አለው። መሐንዲሱም እሺ አለ። ክቡርነታቸው ግን መኪናው ድረስ ሸኝተውት ሲመለሱ፣ "ጋሼ ሲጠነቀቅ ነው፤ እሱ አርባ አንድ ያገኘበት ሥራ ነው አልኩት" አሉ።

ማክሰኞ 3

የሆነ ነገር ተፈጥሯል። ማንም አይነግረኝም። እማዬ ከሥራ መሃል መጣች። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ የታጠበ ሰሃን መልሳ ታጥባለች።

ረቡዕ 4

ዋሻው ውስጥ ፈንጂ ከመፈንዳቱ በፊት ሁሉም ይወጣል። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ስክሪኑን አየ፤ ባዶ። የቆርቆሮ ቁጥሮቹ የሚሰቀሉበት ሰሌዳ ላይ አንድ ሚስማር ባዶ ነበር። ቁጥሩን ኪሱ ይዞት ወጥቶ ነው አለ፤ ይኸው ስክሪኑ የለም ይላል። አፈነዱ።

አንድ ቀዳጅ፣ ድንጋዩን በማሽን የሚበሳ ሠራተኛ፣ ውስጥ ነበር። መታጠፊያው ጋ፣ ማሽኑን ሊያነሳ ተመልሶ። ባጁ ደረቱ ላይ ነበር። "አለሁ፣ አለሁ" ይል ነበር።

በሕይወት አለ። በሕይወት አለ። እግሩን ድንጋይ ቀጥቅጦታል፤ አንድ ጆሮው አይሰማም።

ዛሬ የምቀልድበት ነገር አጣሁ። ፈልጌ ነበር።

ዓርብ 6

መለኪያው ከጥገና ተመለሰ። ክቡርነታቸው ዋሻው ቢሮ ተጠርተዋል፤ እኔና አባዬ ብቻ። ከተረፉት ባጆች አንዱን ፈታን፣ ገመዱን አያያዝኩ፣ ባጁን ጨዋማ ውሃ የሞላ ጄሪካን ላይ ለጠፍኩት።

"ሸለቆው የት ነው?"

ፈለግኩት። ወደ ግራ ሸሽቷል፤ እኛ የምንሠራበት ቦታ ላይ የለም።

"ቦታችን ላይስ ስንት ይላል?"

"ከዜሮ በታች አንድ ተኩል።"

ከመቶ ሰባው ተመልሶ ቺፑ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የቀረው ይበቃል። እርጥብ ድንጋይ ባለበት፣ መታጠፊያ ባለበት አይበቃም።

አባዬ፣ "ወደ ግራ ነው የሸሸው?" አለ። "አዎ።" "በስንት?" ነገርኩት። በጣቱ ጉልበቱ ላይ የሆነ ነገር አሰላ።

"ገባኝ" አለ።

ምን እንደገባው አልነገረኝም። አልጠየቅኩም። ገመዱን ጠቅልዬ ወደ ሳጥኑ መለስኩ፤ ከዚያ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት።

እሑድ 8

ምንጣፉ ተገልጧል። ቃል በቃል፦

"ጋሼ፣ እኔ አርባ አንድ ብዬ ለሰውዬው ነግሬዋለሁ! ምን ልበለው አሁን?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው በለው። ዓይኔ አያይም።"

የክቡርነታቸው እርምጃ ቆመ።

"ምን ማለት ነው ዓይኔ አያይም?"

"ማለት፣ አንተ አሁን ከረባት አድርገህ እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው።"

ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ክቡርነታቸው ናቸው የተቀመጡት መሰለኝ። ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ፣ "ከመቼ ጀምሮ?" አሉ። ከዚያ፣ "ታዲያ ማን ነበር የሚሠራው? ልጅቷ ናት?"

"ልጅቷን አታንሳት። እሷ ያልኳትን ነው የጻፈችው። ማረጋገጥ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሳላረጋግጥ አሳለፍኩት። ዓርብ እኔው እሄድና ለዋሻው ሰዎች እናገራለሁ። ከዚያ በወንበሬ የምታስቀምጠውን ሰው ፈልግ።"

ክቡርነታቸው አለቀሱ። አንድ ትልቅ ሰው ከረባት አድርጎ ሲያለቅስ እንደ ውሻ ቡችላ ነው የሚሰማው። ይህን የጻፍኩት እንዲያስቅ ነበር።

አባዬ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ የማንንም ጥፋት ይሸከማል። አያውቅም እኮ። ቢያውቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር። ይቆጣኝ ነበር።

ማክሰኞ 10

ቀዳጁን ልንጠይቅ ሆስፒታል ሄድን፤ አባዬ፣ እማዬና እኔ። አባዬን ክንዱን ይዤ ነበር። ደረጃ ሲመጣ በክንዴ ጫን አደርገዋለሁ፤ ማንም አያውቅብንም።

ቀዳጁ ወጣት ነው። እኔን በጥቂት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። ግማሹን ስለማይሰማ ይጮኻል፤ ክፍሉ ሙሉ ያየናል።

"ባጁን የሠሩት እርስዎ ነዎት?!" አለ አባዬን።

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

የአባዬን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "እግዜር ይስጥልኝ! በባጁ ነው ያገኙኝ አሉ! እሱ ባይኖር እዚያው ቀርቼ ነበር!"

ውሸት ነው። አንድ ጓደኛው ማሽኖቹን ቆጥሮ፣ አንድ ጎድሎበት፣ እየጮኸ ገብቶ ነው ያገኘው። ማን እንደዋሸው አላውቅም። እንዲጽናና ብለው ይሆናል።

አባዬ እጁን አልነጠቀም። "እግርህ እንዴት ነው?" ብቻ አለ።

"ይተርፋል ወይ ይቆረጣል፣ ገና እየተነጋገሩበት ነው!" ብሎ ሳቀ። "እኔን ግን አልጠየቁኝም!"

ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። እማዬ መጣችና ጀርባዬን ያዘችኝ። "ምን ሆነሽ ነው?" አለች። "መድኃኒቱ ሸቶኝ ነው" አልኳት። እዚያ የሚሸት ነገር አልነበረም።

ረቡዕ 11

መለማመድ። "አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።" ይኼ እንደ ሬዲዮ ድራማ ነው። "አባዬ፣ ያ ፋይል አለ አይደል?" ይኼ እንደ ሌባ። "አባዬ፣ ታምነኝ ስለነበር።" ይኼን መጨረስ አልቻልኩም።

ለሁሉ ነገር መልስ አላት የሚሉኝ ልጅ።

ሐሙስ 12

ነገ ዓርብ ነው። አባዬ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፤ እማዬ ያቃጠለውን እጀታ አይታ ወደ ውስጥ አጠፈችው። ክቡርነታቸው ዛሬ ሙሉ ቀን ጋሼ፣ ጋሼ እያሉ ከኋላው ሲዞሩ ዋሉ። ለአዲስ መሐንዲስ ግን ደውለዋል፤ ሰምቻለሁ።

አሁን ወርክሾፕ ነኝ። ሁሉም እራት ላይ ናቸው፤ ራሴን አሞኛል ብዬ ወረድኩ። የፋብሪካው ገጽ ዛሬ አንዴ ነክቼው ተከፈተ። የሁለቱንም ኮይሎች ፋይል አወረድኩ፤ በሐሳቦቹ ቦታ ተካኋቸው፤ አስላ አልኩት። ወፍጮው እየጮኸ ነው፤ እኔ እየጻፍኩ ነው።

አለቀ።

ሸለቆው ወደ ግራ ሸሸ። ቦታችን ላይ ከዜሮ በታች አንድ ተኩል። ባለፈው ዓርብ መለኪያው ያለው ራሱ። የሲኒማው ቀን ይህን አድርጌው ቢሆን ኖሮ አባዬ ወዲያው "አይሆንም" ይል ነበር።

አንዱን ኮይል ወደ አነስተኛው ቀየርኩት፤ እንደገና አሰላሁ። አሥራ ሰባት። ምንም የማያምር፣ የሚሠራ አሥራ ሰባት። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሲኒማው በፊት ግማሽ ሰዓት ነበር።

የአባዬ ስሌት ልክ ነበር። የነገረኝ ሁሉ ልክ ነበር። ዓይኑ ምንም አላጠፋም።

የድሮው ፕሮጀክት እዚህ አለ፤ አርባ አንዱ። የሐሳብ ኮይሎቹ እንዳሉ ተቀምጠዋል፤ ቀኑም አለበት። ባጠፋው ማንም አያውቅም። አባዬ ስክሪኑን አያይም፤ ክቡርነታቸው ቢያዩም አያውቁትም። አዲሱ መሐንዲስ ሲመጣ የሚያገኘው አሥራ ሰባቱን ነው። ሰርዝ የሚለውን ነካሁት። "እርግጠኛ ነዎት?" ይለኛል። አንቱ ብሎኛል እኮ። በሕይወቴ አንቱ ያለኝ የመጀመሪያው ፍጡር።

ጣቴ እዚያው ላይ ነው። በሌላው እጄ ነው የምጽፈው፤ ለዚህ ነው የተንጋደደው።

ደረጃው ላይ እግር አለ። አንድ እጅ ግድግዳውን እየዳበሰ ይወርዳል። መብራቱን ላጥፋ አልልም፤ ለእሱ ምን ልዩነት አለው። በሩ ላይ ቆመ። የኮምፒዩተሩን ድምፅ እየሰማ ነው።

"ፋይሉን አገኘሽው?" አለ።

ፋይሉን ነው ያለው። አገኘሽው ነው ያለው።

የኮምፒዩተሩን ጥያቄ "አይሆንም" ብዬ ዘጋሁት። አርባ አንዱ እንዳለ ነው።

"ነገ ብቻዬን ልሂድ፣ ወይስ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

ድምፁ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። አብሬህ እሄዳለሁ፤ ለዋሻው ሰዎች እኔ እነግራቸዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ ገና አልወጣም።

"የብዕርሽን ድምፅ እሰማለሁ" አለ።

አሁንም እየጻፍኩ ነው። ብዕሩን ካቆምኩ መናገር ይኖርብኛል።

ስሜን ከራሱ ስም ጋር አያይዞ ጠራኝ።